የትከሻ ት

እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። የማንንም ስም አልጽፍም፤ ሰውን ሳላስፈቅድ ስሙን ወረቀት ላይ ማዋል ደስ አይለኝም። ማን ማን እንደነበረ ግን አንድ በአንድ እናገራለሁ።

አንደኛዋ ሐኪማችን ናት። የተማረችው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ እኛ ግን ሁላችንም «ሲስተር» እንላት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ነርስ አይደለሁም እያለች ታርመን ነበር፤ በኋላ ተወችው። ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኛም ለመስማት ወደ እሷ ጠጋ እንላለን።

ሁለተኛው የኔታ ናቸው፤ የቁስቋም ሰፈር ነዋሪ፣ የአቋቋም መምህር። ካህናት በማኅሌት ጊዜ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው እንዴት እንደሚያሸበሽቡ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ስኳሩ የቀኝ ትከሻቸውን አድርቆባቸው ጸናጽል ከደረታቸው በላይ ማንሣት አቅቷቸዋል።

ሦስተኛው ከሳንጃ የመጡ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። እኔ «አያ» እላቸው ነበር። አይሱዙ ላይ ጆንያ ሲጭኑ ወድቀው ትከሻቸው ወልቆ ነበር፤ ተመልሷል፣ ግን ጥንካሬው አልተመለሰም። መንገዱ ተዘግቶባቸው ጎንደር ዘመድ ቤት ተጠግተው ነበር የሚመላለሱት።

አራተኛው እኔ ነኝ። የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፤ በግድግዳ፣ በቆርቆሮ፣ አንዳንዴም በባጃጅ ጀርባ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል አጣጣሉን የለመድኩት ሰዎች የጻፉት ሥር ቆሜ አንጋጥጬ በማየት ነው።

ክፍሉ ትንሽ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከበሩ በላይ የተሰቀለ መዘውርና በእሱ የሚያልፍ ገመድ፤ በገመዱ ሁለት ጫፍ የእንጨት መያዣ። ደህናው እጅ ሲጎትት የታመመው ይነሣል። በመስኮቱ ተቃራኒ ያለው ግድግዳ እስከ ሰው ደረት ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የሁለቱ ቀለም ድንበር ቀጥ አላለም፤ ወደ መስኮቱ ሲቃረብ ዝቅ ይላል። ያንን ድንበር ካየሁበት ቀን ጀምሮ ማስተካከል አምሮኝ ነበር።

የደረሰብኝ እንዲህ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ግድግዳ ላይ እጽፍ ነበር። ባለቤቱ ዝናቡ ሳይመጣ እንድጨርስለት ይፈልጋል። ጽሑፉ ከበሩ በላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነው። «ዳቦ»ን ጨርሻለሁ፤ «ቤ»ንም ጨርሻለሁ። የቀረችው «ት» ብቻ ናት። ወርጄ መሰላሉን ማዛወር ሲገባኝ ከላይ እንደሆንኩ ልድረስባት ብዬ ተንጠራራሁ። መሰላሉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። በቀኝ እጄ የክፈፉን እንጨት ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ ሰውነቴ በሙሉ አንድ ትከሻ ላይ ቀረ። ከዚያ እንጨቱን ለቅቄ ወደቅሁ። እግሬም ራሴም ደህና ነበሩ። የቀለም ቆርቆሮዬ ተገልብጦ የዳቦ ቤቱ ደረጃ ቀይ ሆነ። ባለቤቱ በአኳራጅ ሲያስለቅቀው ዋለ።

ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። አሽቶኝ ክንዴን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠለጠለውና «እስኪሽርልህ እንዳታንቀሳቅሰው» አለኝ። እኔ የተባልኩትን ቃል በቃል የምፈጽም ሰው ነኝ። ስበላም፣ ስተኛም፣ ስሄድም አላንቀሳቀስኩትም። ሐምሌ አለፈ። ወጌሻው ጥቂት ቀን ማለቱ ነበር፤ ይህንን በኋላ መንገድ ላይ ክንዴን እንደታሠረ ሲያየኝ ደንግጦ ነገረኝ። እኔ እስኪሽር እየጠበቅሁ አስሬዋለሁ፤ እጁ ደግሞ እንደታሠረ አይሽርም። ነጠላውን የፈታሁ ቀን ክንዴ ከጎኔ አልላቀቅ አለ። ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ መገጣጠሚያው ነው የደረቀው ተባልኩና ወደዚያ ክፍል ተላክሁ።

ጎንደር ውስጥ ቤተሰብ የለኝም። ወንድሜ ኮላ ድባ እህል ይነግዳል። ሲደውልልኝ ንግግሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ግድግዳ መሞነጫጨር መጨረሻው ይኸው ነው፣ መጥተህ ሚዛን ላይ ቁም ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውም ሥራ ነው። እኔ ግን ኮላ ድባ ብገባ ብሩሽ ዳግመኛ እንደማልይዝ አውቅ ነበር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደግሞ እስከ ኅዳር ቁስቋም እጠብቅሃለሁ፣ በዓሉ ካለፈ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አስጨርሰዋለሁ አለኝ። እኔም ለራሴ ያንኑ ቀን ቆረጥኩ። እጄ ለዚያች «ት» ከደረሰ እቆያለሁ፤ ካልደረሰ ዕቃዬን ሸክፌ ኮላ ድባ እገባለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሲስተር ክንዴን በሁለት እጇ ይዛ በጣም በዝግታ ወደ ጎን ወሰደችው። ዓይኗ ክንዴ ላይ አልነበረም፤ ፊቴ ላይ ነበር። ፊቴ ሲለወጥ ቆመች፤ ግን አልለቀቀችውም፣ እዚያው ይዛው ጠበቀች። ሰው ክንዴን ይዞ እንደዚያ የጠበቀኝ መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞክሬ አልመጣልኝም። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ቤት ማን ያለብስሃል?»

«ራሴ» አልኳት።

አሳየኝ አለች። ሹራቤን አውልቄ እንደገና መልበስ ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ሹራቡን ካወለቅሁት ቆይቷል፤ ማውለቁ ስለሚያቅተኝ ለብሼው እተኛ ነበር። አከራዬን እንዳልጠይቅ አፈርኩ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ሹራቤን ያውልቁልኝ የምላቸው ሴት አይደሉም። የታመመውን እጄን አስቀድሜ አወጣሁ ስል አንገቴ ታነቀ፤ ሹራቡ ፊቴ ላይ ቀረ። ሲስተር አልረዳችኝም። በሹራቡ ውስጥ ሆኜ የኔታና የሳንጃው አያ አጠገቤ ሲሠሩ ይሰማኛል። ስወጣ ያላበኝን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ሲስተር የተሳሳትኩት ማውለቁ ላይ ብቻ ሳይሆን መልበሱ ላይም ጭምር እንደሆነ ነገረችን፤ ለሦስታችንም ነበር የተናገረችው።

«የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ መጨረሻ ይወጣል።»

የሳንጃው አያ የመዘውሩን ገመድ እየሳቡ ነበር። «እንደ ቄስ ነዋ» አሉ። «ድግስ ላይ መጀመሪያ ገብቶ መጨረሻ የሚወጣ።»

የኔታ ዞር ብለው አላዩአቸውም። «ገበሬም እንደዚያው ነው» አሉ። «ልዩነቱ እሱን የሚጠራው የለም።»

ከወደቅሁ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ መሰለኝ። ሳቁም ትከሻዬን አመመኝ።

መጀመሪያ የሚሰጠው እንቅስቃሴ ቀላል ይመስላል። በደህናው እጅ ጠረጴዛውን ተደግፎ ማጎንበስ፤ የታመመውን ክንድ እንደ ገመድ ወደ ታች መልቀቅ፤ ከዚያ ሰውነትን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ። ክንዱ ራሱ አይሠራም፤ ሰውነቱ ሲወዛወዝ ተከትሎ ይሄዳል። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይኼ ነው። ሲስተር «ልቀቀው» ትላለች፤ እኔ ለቅቄዋለሁ እላለሁ፤ ጣቷን ክንዴ ላይ ስታደርግ ድርቅ ብሎ ታገኘዋለች። ሥራዬ እጅን መያዝ ነው። ብሩሽ የያዘ እጅ እስትንፋስ እንኳን አያነቃንቀውም። እጅን ለቅቆ መተው የት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

የኔታ ግን ሲያጎነብሱ ወዲያው ክንዳቸው ይለቀቃል። እጃቸው ወዲህና ወዲያ የሚለው በዝማሜ፣ ካህናት በዜማ እንደሚወዛወዙት ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ለሁለተኛው እንቅስቃሴ ዱላ ያስፈልጋል። በሁለት እጅ አግድም ይያዛል፤ ደህናው እጅ የታመመውን እየገፋ ወደ ላይና ወደ ጎን ይወስደዋል። ሲስተር የመጥረጊያ እንጨት ልትሰጣቸው ስትል የኔታ መቋሚያቸውን አሳዩአት። ከዚያ በኋላ በመቋሚያቸው ነበር የሚሠሩት።

ሦስተኛው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ፊት ቆሞ ጣቶችን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ማስኬድ፣ ሕመሙ የሚጀምርበት ላይ ማቆም፣ ትንሽ መቆየት፣ መውረድ። የደረስንበትን ምልክት እንድናደርግ ትነግረናለች፤ ቤታችንም እንደዚሁ። ሕመሙን ገፍታችሁ አትለፉ፣ ሸሽታችሁም አትቅሩ፤ አጠገቡ ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱ ትለን ነበር።

እኔ በኪራይ ቤቴ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ቀጭን፣ አግድም፣ በማስመሪያ የተሠመረች። በየሳምንቱ ከበላይዋ ሌላ። አንድ ቀን አከራዬ ገብተው አዩአቸውና ምስማር ልትመታ ነው እንዴ፣ ቤቴ ምስማር አይመታበትም አሉኝ። የምሰቅለው ነገር የለኝም አልኳቸው። ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩት። አንድም ነገር አልተሰቀለበትም። ከዚያ በኋላ ስለ ምስማር አላነሡብኝም፤ እንዲያውም በማግሥቱ ያረጀ የቀን መቁጠሪያ በቴፕ የሚለጠፍ ይዘውልኝ መጡ።

የዳቦ ቤቱ ነገር ከተማው ውስጥ መሳቂያ ሆኖ ነበር። በዝናብ ታጥቦ የማይጠፋ ቀይ የዘይት ቀለም፤ «ዳቦ ቤ»። የባጃጅ ነጂዎች «ዳቦ ቤ ጋ ውረጅ» ይላሉ። የሳንጃው አያም ዘመድ ቤታቸው በዚያ በኩል ስለሆነ አይተውታል። የጻፍኩት እኔ መሆኔን የሰሙ ቀን ስሜ ተለወጠ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ እንደ ግልገል «ቤ» ይሉኛል።

«ምነው ታዲያ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «አንዲት ፊደል ናት፤ ለሌላ ሰጥተህ አታስጽፋትም?»

እንደማልችል ነገርኳቸው። ሁለት እጅ የጻፈው አንድ ቃል ከሩቅ ይታወቃል፤ የቀረው ሰው ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ። አዩኝና ሸጋ ነው አሉ። «ሸጋ ነው። እኔም ማሳዬን ሌላ ሰው ሲያጭደው ማየት አልወድም።» ሰሊጣቸው እየደረሰ ነበር። ሰሊጥ ካልታጨደ ይፈነዳል፤ ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። በየቀኑ መናኸሪያ ሄደው መንገዱ ተከፈተ ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አልመጡም። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ መንገዱ ተከፍቶ በሌሊት እንደሄዱ ነገረኝ። መልእክት ትተውልኛል። «ለዚያ ለቤ ደህና ሰንብት በሉት፤ ት ሲጽፍ ስሙ ይቀየራል» ብለዋል። ትከሻቸው ለማጨድ እንደማይበቃ እያወቁ ነው የሄዱት፤ ሲስተር ገና ነው ስትላቸው ሰምቻለሁ። የመዘውሩን ገመድ ያን ቀን ማንም አልሳበውም። የሚስቅም ስላልነበረ የመስኮቱ መስተዋት በነፋስ ሲንቀጠቀጥ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከየኔታ ጋር አብረን መመለስ ያዝን። ቤታቸው ከእኔ ቤት አልፎ ወደ ቁስቋም አቀበቱ ላይ ነው። አንድ ቀን እስከ በራቸው ስሸኛቸው ግባና አብረን እንሥራው፣ ብቻዬን ስሠራው ይሰለቸኛል አሉኝ። ገባሁ። ከደጁ የተማሪዎች መቀመጫ የነበረ ረጅም የድንጋይ መደብ አለ። ተማሪዎች በየአገራቸው ገብተዋል፤ ክረምቱም የአገሩም ሁኔታ በየተራ ወሰዳቸው። መደቡ ላይ ሣር በቅሎበታል።

ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ መሥራት ጀመርኩ። እሳቸው በግራ እኔ በቀኝ ሆነን የመደቡን ጠርዝ ተደግፈን እናጎነብሳለን። ክንዴ እንደማይለቀቅልኝ አዩ። አንተ እጅህን ነው የምትሰማው፣ እኔን ስማ አሉኝና ዝማሜውን በለሆሳስ ያዙት። ዜማውን አላውቀውም፤ ግዕዙም ጥቂቱ ነው የሚገባኝ። ግን ዘለግ ያለ ነው፤ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ሊወድቅ ሲል ይመለሳል። ሰውነቴ ተከተለው። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፣ ቀና ስል ክንዴ ሞቆ፣ ከብዶ፣ የእኔ እንዳልሆነ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር። ተለቅቋል።

የእኔ ምልክት ግድግዳዬ ላይ ከፍ እያለ ሄደ። የየኔታ ግን ሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ከፍ አለ፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሲስተር ግራ ገባት። እንዴት ነው ሕመሙ ብላ ስትጠይቃቸው የሚመልሱት «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ መልስ ለትንሹም ለትልቁም ሕመም ያው ነው፤ ሰው ሞቶበትም እንደዚያው ይላል። እየሠሩ ነው ወይ ስትል አዎ ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይሠራሉ። ትከሻቸው ላይ የሚወጋ መርፌ ሳይጻፍላቸው አይቀርም የሚል ወሬም ሰማሁ።

እኔ ግን ከአጠገባቸው ስለምሠራ ያየሁት ነገር ነበር። በመቋሚያው ሲሠሩ ዜማ ይዘው ነው የሚሠሩት። ሕመሙ ሲመጣ አያቆሙም። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው አልቦ፣ ዜማው እስኪያልቅ መቋሚያውን ያነሣሉ። ሲጨርሱ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ፤ ይመስገን ይላሉ። የሚያዜሙት ደግሞ ረጅም ነው።

ይህንን መናገር አለመናገሩ አስጨነቀኝ። በአንድ ሽማግሌ ፊት የእሳቸውን ነገር ለሌላ ሰው መናገር አይገባም፤ ከኋላቸው መናገር ደግሞ ይብሳል። በባሕርዬም ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ግን ሲስተር ግድግዳው ላይ ዝቅ ያለውን ምልክት እያየች ቆማ ሳያት ከአፌ ወጣ።

«የኔታ ሲያማቸው አያቆሙም። ዜማው ሲያልቅ ነው የሚያቆሙት።»

የኔታ አልተቆጡም። እንዲያውም ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር መሆኑ ነው የገረማቸው። «ዜማ ከመካከል ይቆረጣል እንዴ ልጄ?» አሏት።

ሲስተር ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። አያቷ ደብተራ እንደነበሩ የነገረችን ሌላ ጊዜ ነው፤ ያን ቀን አላነሣችውም። ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተማሪ ሲሳሳትብዎ ምን ያደርጋሉ የኔታ? እስኪጨርስ ይጠብቁታል?»

«ለምን ብዬ? እዚያው ስሕተቱ ላይ እመልሰዋለሁ እንጂ።»

«እንግዲህ ትከሻዎ ተማሪ ነው። ሕመሙ ስሕተቱ ነው። ሲሳሳት እዚያው ይመልሱት። ዜማውን እርስዎ ይጨርሱ።»

የኔታ ቀኝ ትከሻቸውን ዞር ብለው አዩት፤ ከዚህ በፊት ያላዩት ይመስል። 

«አንድ ተማሪ ቀረልኝ ማለት ነው» አሉ።

ማናችንም አልሳቅንም። የሳንጃው አያ ቢኖሩ ኖሮ የሚሉት አያጡም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የኔታ በመቋሚያው ሲሠሩ ሁለት ሰው ሆኑ። ድምጻቸው ይሄዳል፤ መቋሚያው ከደረታቸው ከፍ ይልና ሕመሙ አጠገብ ሲደርስ በዜማው መካከል ለትከሻቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ተመለስ» ይላሉ፤ መቋሚያው ይወርዳል፤ ዜማው ይቀጥላል። አንዳንዴ «ሸጋ፣ ሸጋ» ይሉታል። አንዳንዴ ደግሞ ይቆጡታል፣ ትናንት የተማርከውን ዛሬ ረሳኸው ይሉታል። እኔ አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ ክንዴን እያወዛወዝኩ እሰማለሁ። መደቡ ላይ ሌላ የሚሰማ የለም። ጥቅምት ሲገባ ምልክታቸው ካቆመበት ተነሣ፤ የመርፌውም ወሬ ቀረ።

የእኔ መጨረሻ ቀን መጨረሻ መሆኑን ሳላውቅ ነው የደረሰው። ሲስተር ክንዴን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ጀርባ አስኬደችው። ሹራቤን አውልቄ እንድለብስ አደረገችኝ። ከዚያ ከዚህ በኋላ እዚህ መመላለስ አያስፈልግህም፣ ቤትህ ቀጥልበት፣ መሰላል ላይ ስትሆን ግን አትንጠራራ አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በሩ ላይ ክንዷን አቅፋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ አሳለፍኳት። ኮሪደሩ መጨረሻ ሳልደርስ የሲስተር ዝቅ ያለ ድምፅ ከኋላዬ መጣ፤ የታመመው መጀመሪያ ይገባል ትላት ነበር።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። መሰላሉን «ቤ» ሥር ሳይሆን «ት» የምትሆንበት ሥር አቆምኩት። ወጣሁ፤ አልደረስኩም፤ ወረድኩ፤ ትንሽ አስጠጋሁት፤ እንደገና ወጣሁ። በፊት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ባይ ፈሪ እለው ነበር። እርሳሴን አንሥቼ ግድግዳውን ነካሁ። ክንዴ ግንባሬን አልፎ ወጣ። ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ትከሻዬ ውስጥ የማውቀው ሕመም ተነቃነቀ፤ ተመለስ አልኩት፤ አወረድኩት፤ አሳረፍኩት፤ እንደገና አነሣሁት።

«ት» ለጻፊ ቀላል ፊደል አይደለችም። ቁመቷ ቀጥ ማለት አለበት፤ አግድሟ ሚዛን መጠበቅ አለበት፤ ከ«ተ» የምትለየው አናቷ ላይ ባለች ትንሽ ስብራት ነው። ስብራቷ ከበዛች ትወላገዳለች፤ ካነሰች «ተ» ትሆናለች። ቀዩ ቀለም ከክረምቱ በፊት ከጻፍኩት ትንሽ ደመቅ አለብኝ፤ የድሮውን ፀሐይና ዝናብ በልቶታል። ቀርቦ የሚያይ ሰው ይለየዋል። ትከሻ የሚለው ቃል የሚጀምረው በዚህች ፊደል መሆኑን ያስተዋልኩት እዚያ መሰላል ላይ ነው፤ የምነግረው ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም።

ባለቤቱ ዱቄት በእጁ እንዳለ ወጥቶ አንጋጠጠ።

«አሁን ቤት ሆነ» አለ። ሞቅ ያለ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ማታ ለወንድሜ ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኩት። እንደፈለግህ አለኝ፤ ስልኩን ሳይዘጋ ደግሞ እጅህ እንዴት ነው አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት።

በበዓሉ ዋዜማ ነጠላዬን ብቻዬን ለበስኩ። ጫፉን ከኋላ አዙሬ በትከሻዬ ላይ ጣልኩት፤ ወደቀ፤ ደግሜ ጣልኩት፤ ያዘ። ቁስቋም ሰው ሞልቶ ስለነበር ከግድግዳው አጠገብ ቆምኩ። የኔታ ከመዘምራኑ መሥመር መካከል ነበሩ። ዝማሜው ሲጀመር ሁሉም መቋሚያ አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። አንዱ ግን ከሌሎቹ ትንሽ ቀድሞ ይወርድ ነበር። ሌላ ሰው ቢያይ ሽማግሌው ደከማቸው ይላል። እኔ ከንፈራቸውን አየሁ፤ ዜማው አልተቆረጠም። መቋሚያው ዝቅ ባለበት ጊዜ ለትከሻቸው ምን እያሉት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አላዩኝም። ሲያልቅ ልሳለማቸው ብዬ ተጋፋሁ፤ ሰው ከበባቸውና አልደረስኩባቸውም።

ከጥምቀት በኋላ በደባርቅ በኩል ያለ አንድ ደብር መምህር ፈልጎ ወሰዳቸው። ልጆች አሉበት፣ ብዙ ናቸው ብለው ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። ሲሄዱ ዕቃቸውን ባጃጅ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ በቀኝ እጄ። ሲስተር ወደ ሌላ ከተማ እንደተዛወረች የሰማሁት ቆይቼ ነው። ክፍሉ አሁን የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል አሉ። ሄጄ አላየሁትም። ከሰዓት በኋላ ሥራ የሌለኝ ቀን ግን እዚያው አቀበቱ ላይ እወጣና መደቡን ተደግፌ ክንዴን ጥቂት አወዛውዛለሁ። ዜማውን ግን አልያዝኩትም። አካሄዱ ይታወሰኛል፤ መመለሻው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።

ይህንን የጻፍኩት ዝርዝሩ ከእኔ እንዳይጠፋ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የሳንጃው አያ የወደቁት በግራ ትከሻቸው ነው ወይስ በቀኝ? ገመዱን ሲስቡ በዓይነ ኅሊናዬ አያቸዋለሁ፣ የትኛው እጅ እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰሊጡስ ተርፏል? የኔታ በድግሱ ቀልድ ላይ ከመለሱት በኋላ አንድ ሌላ ቃል ጨምረው ነበር፤ ሲስተር አፏን ይዛ የሳቀችው በዚያ ነው፤ እኔ ሹራቡን መልሼ ልለብስ ስታገል አመለጠኝ። ጠዋት ስንገባ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ነበር የሚጠብቀን፤ ማን ነበር የሚከፍተው? እዚያ ከነበራችሁት አንዳችሁ ይህን ብታነቡ የጎደለውን ሙሉልኝ፤ የተሳሳትኩትም ካለ እዚያው ላይ መልሱኝ። ቤቴን ማግኘት ቢቸግራችሁ ዳቦ ቤቱን ጠይቁ። ስሙ አሁን ሙሉ ነው፤ የባጃጅ ነጂዎቹ ግን እስከ ዛሬ «ዳቦ ቤ» እያሉ ነው የሚጠሩት።